በፔሳህ ሳምንት ምሳ ቋጥሮ መውጣት፦ ዳቦ ሲቀር ምን ይያዛል?

የአይሁድ ፋሲካ፣ ፔሳህ፣ ሲገባ ቤት የሚውል ሰው ብዙም አይቸገርም። ማድቤቱ ተጠርጎ፣ የዓመቱ ዕቃ ተቆልፎበት፣ የበዓሉ ድስት ወጥቶ ትኩስ ወጥ ተጥዷል። የሚቸገረው በማለዳ ከቤት የሚወጣው ነው፦ ሥራ የሚገባው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ በበዓሉ መካከል ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ገሊላ ወይም ወደ ባሕር የሚወርደው። ሌላ ጊዜ ሳያስብ የሚያነሳው ሁሉ ተከልክሏል። ሳንዱች የለም። ፒታ የለም። ከሥራ ቦታው አጠገብ ያለው ፈላፌል ቤትም ወይ ዘግቷል፣ ወይ ለእሱ አይሆንም።

የአገር ቤት ስንቃችንም አያድነውም። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፦ መንገደኛ እሳት ሳያነድ፣ ሳይበላሽበት የሚበላው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከእንጀራ የመጣ ነው። በፔሳህ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ቋንጣ ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመጣለን።

ይህን የምጽፈው በዓሉን ለሚያከብሩ ብቻ አይደለም። በእስራኤልም ሆነ በአሜሪካ በአይሁድ ቤት ልጅ የሚጠብቁ፣ አረጋዊ የሚንከባከቡ፣ ወይም አይሁዳዊ የሥራ ባልደረባ ያላቸው አማርኛ ተናጋሪዎች «ምን ልያዝ? ምንስ ልስጣቸው?» እያሉ ሲጨነቁ አያለሁ። ሕጉ ከውጭ ሲያዩት የተወሳሰበ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከውስጥም ቀላል አይደለም። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን ምሳ ዕቃውን ለመሙላት ብዙ አይጨነቅም።

የተከለከለው ምኑ ነው?

መነሻው ኦሪት ዘጸአት ነው። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጣቸው እስኪቦካ አልጠበቁም፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት እርሾ የነካው አይበላም፣ በቤትም አይቀመጥም። ረቢዎች ክልከላውን በአምስት እህሎች ላይ አጸኑት፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ራይ እና የስንዴ ዘመድ የሆነው ስፔልት። ከእነዚህ የአንዱ ዱቄት ውኃ ከነካው በኋላ ሳይጋገር 18 ደቂቃ ከቆየ እንደቦካ ይቆጠራል። ይህ ነው ሃሜጽ የሚባለው። እርሾ መጨመር አለመጨመሩ ለውጥ የለውም፤ የሚቆጠረው እህሉ፣ ውኃውና ሰዓቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ከዳቦ ያልፋል። ፓስታ፣ ኩስኩስ፣ ቡርጉል፣ ብስኩት፣ ኬክ፣ ቢራ፣ በዳቦ ፍርፋሪ የተጠበሰ ሽኒትዝል፣ ስንዴ ያለበት የአኩሪ አተር ሶስ ሁሉ አብሮ ይወጣል። ከታሸገ ምግብ ውስጥ የሚደበቀው ደግሞ ብዙ ነው፦ ቋሊማ ውስጥ ማያያዣ ዱቄት ሊኖር ይችላል፣ ጣፋጭ ውስጥ የገብስ ብቅል ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ሰዎች «ኮሸር» (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) የሚል ብቻ ሳይሆን «ኮሸር ለፔሳህ» የሚል ጽሑፍ የሚፈልጉት። ዓመቱን ሙሉ ኮሸር የሆነ ብስኩት በፔሳህ ሃሜጽ ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከኮሸር ምልክቱ ጎን የምትቀመጠው «ፒ» የምትል ፊደል ምግቡ ለፔሳህ መሆኑን ነው የምትናገረው። ሥጋም ወተትም የሌለበት ነው ለማለት «ፓርቬ» የሚለው ቃል በሙሉ ይጻፋል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

«ዱቄት ከሱቅ ገዝቼ ቶሎ ቶሎ ቂጣ ብጋግርስ?» የሚል ጥያቄ በተለይ ከእናቶቻችን ይመጣል። የእጃቸው ፍጥነት አያጠራጥርም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከወፍጮው ነው። ዘመናዊ ወፍጮ ስንዴውን ከመፍጨቱ በፊት ያረጥበዋል፤ ስለዚህ ተራው የሱቅ ዱቄት ገና ሳይቦካ ውኃ ነክቶታል። ለማጻ፣ ማለትም ሳይቦካ ለሚጋገረው የፔሳህ ቂጣ፣ የሚሆነው ዱቄት ውኃ እንዳይነካው እየተጠበቀ የተፈጨ ነው።

ቀኑም መታወቅ አለበት። በዓሉ በእስራኤል 7 ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ በአብዛኛው 8 ቀን ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል እንደ ሰንበት ይከበራል፤ ሥራ የለም፣ መንገድ የለም፣ ምግብ ከቤተሰብ ጋር ነው። ምሳ የሚቋጠረው በመካከሉ ባሉት ቀናት ነው፤ ሆል ሃሞኤድ ይባላሉ፤ በእስራኤል 5፣ በውጭ 4 ናቸው። በእስራኤል በእነዚህ ቀናት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አገሩ በሙሉ ሽርሽር ይወጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ሰኞ ሰኞ ነው፤ አለቃው ይጠብቃል፣ ልጁም ፈተና ሊኖርበት ይችላል።

ለምን ቀዝቃዛ?

አንድ ሰው «ለምን ከቤት የተሠራውን ወጥ ይዞ ሄዶ ቢሮ አያሞቀውም?» ሊል ይችላል። ሊያሞቀው የማይችለው ማይክሮዌቩ የጋራ ስለሆነ ነው። ትናንት የሰው ላዛኛ ተንጣጥቶበታል፣ ፒዛ ሞቆበታል። ሙቀትና እንፋሎት የዕቃውን ሃሜጽ ወደ ምግቡ ያመጣሉ ተብሎ ስለሚታሰብ በዓሉን የሚያጠብቅ ሰው ምግቡን እንዲያው አያስገባበትም። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ አሽጎ ያሞቃል፤ ብዙው ግን ከዚህ ጣጣ ቀዝቃዛውን ይመርጣል። የቢሮው ሳህን፣ ቢላዋና ሹካም በዚሁ ምክንያት አይነኩም። ስለዚህ ምሳ ሲቋጠር ሹካው፣ ቢላዋው፣ ናፕኪኑና ትንሽ ጨው አብሮ ይገባል። ጨው ረስቶ የተቀቀለ እንቁላል ይዞ የወጣ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

ቦርሳውም ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ ታች ላይ ሁልጊዜ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። ከበዓሉ በፊት ተገልብጦ ይራገፋል፣ የሚታጠብ ከሆነ ይታጠባል። የምሳ ዕቃውን በተመለከተ ቀላሉ መንገድ ለፔሳህ ብቻ የሚሆን አንድ ሁለት ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ከዓመት ዓመት ከበዓሉ ዕቃ ጋር ማስቀመጥ ነው።

ማን ምን እንደሚበላ

እስካሁን ያልኩት ሁሉንም የሚያስማማ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ቤቱ ይለያያል፤ ለሌላ ሰው ምሳ የሚቋጥር ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ትልቁ ልዩነት ኪትኒዮት የሚባለው ነው፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ አኩሪ አተርና የመሳሰሉት። ከአምስቱ እህሎች ውስጥ የሉም፤ ሃሜጽም አይደሉም። ነገር ግን ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አሽከናዚዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በልማድ ትተዋቸዋል። ከስንዴ ጋር በአንድ ጎተራ ሲቀመጡ ይቀላቀላሉ፣ ተፈጭተውም ዱቄት ስለሚሆኑ ያሳስታሉ የሚል ምክንያት ይሰጣል። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡት ግን በአብዛኛው ይበላሉ፤ ሩዙን ስንዴ እንዳይቀላቀልበት ሦስት ጊዜ የሚለቅሙ ቤቶች አሉ። በአሜሪካ የኮንሰርቫቲቭ አይሁድ እንቅስቃሴ የሕግ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ኪትኒዮት ለአሽከናዚዎችም እንዲፈቀድ ወስኗል። ኦርቶዶክስ አሽከናዚዎች ግን በልማዳቸው ጸንተዋል። በእስራኤል ሱቅ ውስጥ አንዳንዱ ዕቃ ላይ «ኪትኒዮት ለሚበሉ ብቻ» የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው።

ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሽሮ፣ የምስርና የክክ አገር ልጆች ነን። ለአሽከናዚ ባልደረባዬ ደግነት ላድርግ ብሎ የምስር ሰላጣ ይዞ የሄደ ሰው የተከለከለውን ዳቦ በሚገባ አስወግዶ ሳለ ሌላ ክልከላ ላይ ይወድቃል። ዘይትም በዚህ ይገባል፤ የአኩሪ አተርና የበቆሎ ዘይት ኪትኒዮት ነው። የወይራ ዘይት ለፔሳህ ምልክት ካለው ከሁሉም ጋር ያስማማል።

ጤፍስ? ጤፍ ከአምስቱ እህሎች አንዱ አይደለም፤ ስለዚህ በራሱ ሃሜጽ ሊሆን አይችልም። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው እንጀራ ይዤ ልውጣ» ይላል። ቆይ ይቆይ። አንደኛ፣ በገበያ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ሁለተኛ፣ የቤተ እስራኤል አባቶች ልማድ ከዚህ የጠበቀ ነበር። በኢትዮጵያ ሳሉ በዚህ ሳምንት የሚበላው በየጊዜው ትኩሱን የሚጋገር ቂጣ ነበር፤ ቦክቶ ያደረ ነገር፣ እንጀራም ይሁን ጠላ፣ አይቀመስም። አሮጌው የሸክላ ዕቃ ይሰበርና ለበዓሉ አዲስ ይሠራል። ክልከላው እስከ እርጎ ድረስ የሚደርስባቸው ቤቶች ነበሩ። ስለዚህ በሱቅ «ኮሸር ለፔሳህ» ተብሎ የተሸጠ እርጎ ለአንድ ሽማግሌ ስታቀርቡ ባይበሉት አትገረሙ፤ ምልክቱን ጠልተው አይደለም፣ የአባታቸውን ቤት ልማድ ጠብቀው ነው። እንጀራ ግን በእኔ አስተያየት ለዚህ ሳምንት ይቅር። ሰባት ቀን ነው።

ሌላም ልማድ አለ፤ በተለይ ሃሲዲሞች (የአጥባቂ አይሁዶች ወገን) ማጻውን ውኃ አያስነኩትም፤ የተጋገረው ውስጥ ያልራሰ ዱቄት ቀርቶ ቢረጥብ ይቦካል ብለው ይጠነቀቃሉ። ለእነሱ ማጻ በሾርባ፣ ማጻ ከቲማቲም ጋር፣ ሁሉም ክልክል ነው። ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ማጻው ለብቻው በደረቅ ከረጢት ይገባል፤ ከሰላጣው ጋር በአንድ ዕቃ የገባ ማጻ አይበሉም።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ለሌላ ሰው የምትቋጥሩ ከሆነ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ ኪትኒዮት ትበላላችሁ? ማጻ ታርሳላችሁ? ጠያቂን ማንም አይቆጣም፤ በዚህ ሳምንት እርስ በርሳቸውም የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው።

ማጻን ዳቦ ለማድረግ አትታገሉ

አቋሜን ልናገር። በፔሳህ ምሳ ላይ ብዙ ሰው የሚደክመው ማጻን ሳንዱች ለማድረግ ነው፤ አይሆንም። የፋብሪካ ማጻ ስስ፣ ደረቅና ተሰባሪ ነው። እርጥብ ነገር ከተቀባ ጠዋት ተሠርቶ እስከ ቀትር ሲደርስ እንደ እርጥብ ካርቶን ይላላል፤ ካልተቀባ ደግሞ መጀመሪያ ሲገመጥ ተሰብሮ የያዘው ሁሉ ጭን ላይ ይወርዳል። ይልቅ ምሳው ያለ ዳቦ የቆመ ምግብ ይሁን፣ ማጻው ደግሞ ከጎኑ የሚቆረጠም ነገር ይሁን። በጠንካራ ክዳን ባለው ሰፊ ዕቃ፣ ከእርጥብ ተለይቶ፣ ከላይ ይቀመጣል። መቀባት የሚፈልግ አይብ ወይም አቮካዶ በትንሽ ዕቃ ይያዝና እዚያው ይቀባ።

ለስላሳ ማጻ የሚጋግሩ ማኅበረሰቦች አሉ፤ የየመን አይሁዶች በዚህ ይታወቃሉ። የእኛም ቂጣ ትኩሱን ይታጠፋል። ይህ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ መጠቅለል ይችላል። ግን ትኩሱን ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ካልተበላ ይደርቃል፤ ለነገ የሚሆን አይደለም። ስንዴ ለማይስማማቸው ደግሞ ከአጃ የተሠራ ግሉተን የሌለበት ማጻ ይሸጣል፤ ውድ ነው፣ ጣዕሙም ብዙ አያስደስትም።

ማጻ ሆድ እንደሚያደርቅ ሁሉም ያውቃል፤ በገበታ ላይ ግን አይወራም። አንድ ሰው በቀን አምስት ስድስት ማጻ በልቶ አትክልት ሳይነካ፣ ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ የሳምንቱ መጨረሻ ይከብደዋል። ይህም አንዱ ምክንያት ነው ምሳውን ከማጻ አውጥቶ ወደ አትክልት ማድላት የሚያስፈልገው።

ታዲያ ምን ይግባ?

ትንሽ ካሰብን የእኛ ማድቤት ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ቀይ ስር በድንች ሰላጣ ማንም ሳያሞቀው የሚበላው ምግብ ነው። የተቀቀለ ቀይ ስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚና የወይራ ዘይት፤ ማታ ተሠርቶ ያደረው ከትኩሱ ይበልጥ ይጥማል፣ ድንቹ ሎሚውን ይጠጣዋልና። ሃሜጽ የለበትም፣ ኪትኒዮት የለበትም፣ ሥጋም ወተትም አይደለም። ድስቱ የፔሳህ እስከሆነ ድረስ ለማንም ሰው ሳልጠይቅ ልቋጥርለት ብል የምመርጠው እሱን ነው። ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንችም እንዲሁ፤ ብቻ በዘይት ይሠራ። ቅቤ የገባበት ወጥ ቀዝቅዞ ሲረጋ አፍ ላይ ይለጠፋል። የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ቢረጋ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሲቆይ ይፈታል።

ቀጥሎ እንቁላል። በዚህ ሳምንት በአይሁድ ቤት የሚበላው የእንቁላል ብዛት ለዶሮዎቹ ያሳዝናል። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ሲያዝ ይሻላል፤ ቅርፊቱ የተፈጥሮ ማሸጊያው ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሳምንት ይቆያል፤ ስለዚህ በበዓሉ መካከል አንድ ጊዜ ደርዘን ቀቅሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ልጆች እንቁላል በቃን ሲሉ የፋርስ አይሁዶች ኩኩ ሳብዚ የሚሉትን ሞክሩ፦ ድንብላል፣ ፐርስሊ፣ እንስላልና ቀጭን ሽንኩርት ብዙ አድርጎ ከትፎ በእንቁላል አዋሕዶ ወፍራም አድርጎ መጥበስ ነው። ዱቄት አይገባበትም፣ ቀዝቅዞ ይቆረጣል፣ በእጅ ይበላል። ድንች ያለበት ወፍራም የእንቁላል ጥብስም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ዓሣ ጥሩ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ። የቆርቆሮ ቱና ሲገዛ የታሸገበት ዘይት ይታይ፤ የአኩሪ አተር ዘይት ከሆነ ኪትኒዮት ለማይበላ አይሆንም። ቀዝቃዛ የተጠበሰ ዶሮም ይበላል፣ ዶሮ ወጥ ግን አይቋጠርም፤ ቀዝቃዛ ዶሮ ወጥ ለዶሮውም ለወጡም ስድብ ነው።

ኪትኒዮት የሚበላ ቤት ብዙ በር ይከፈትለታል፦ የምስር ሰላጣ፣ ሽምብራ፣ ሁሙስ፣ ሩዝ በአትክልት። ስለ ሩዝ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከበሰለ በኋላ ድስት ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ የቀዘቀዘ ሩዝ ሆድ ያስይዛል። ከበሰለ ወዲያው በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ።

ቋንጣ ደግሞ የስንቅ አባት ነው። ከኮሸር ሥጋ ከሆነ፣ ከተቀመመበትም ነገር ሃሜጽ ከሌለ፣ በፔሳህ ማንም አይከለክለውም። ጥንቃቄው ቅመሙ ላይ ነው። የተፈጨ ቅመም ውስጥ ዱቄት ሊቀላቀል ይችላል፤ ወፍጮውም ገብስ ሲፈጭበት የሰነበተ ሊሆን ይችላል። አብሽና ከሙን ውስጥም የስንዴ ፍሬ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ አሽከናዚዎች ደግሞ አንዳንዶቹ እነዚህን ራሳቸውን ከኪትኒዮት ይቆጥሯቸዋል። በርበሬ ለማዘጋጀት ቅመሙን ሳይፈጭ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ከበዓሉ በፊት በንጹሕ መፍጫ መፍጨት ነው መፍትሔው። ይህ ካልሆነ በጨውና በሎሚ ብቻ የደረቀውም አይከፋም።

ሥጋና ወተት በአንድ ምሳ ዕቃ እንደማይገናኙ ዓመቱን ሙሉ የሚታወቅ ነው። በሽርሽር ላይ ግን ተጨማሪ ስሌት አለው። ሥጋ የበላ ሰው በብዙዎች ልማድ ወተት ለመብላት 6 ሰዓት ይጠብቃል። ቀትር ላይ ቋንጣ ወይም ዶሮ የበላ ልጅ ከሰዓት በኋላ አይስክሬም ሻጭ ሲያይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ሥጋውን ለማታ ያቆየው፤ ለቀን ከሥጋም ከወተትም ነጻ የሆነ ምግብ ወይም አይብ ይያዝ። ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንሳል።

ለመቆያ ተምር፣ ለውዝ ሳይሆን ዋልነት ወይም አልሞንድ (ለውዝን ከኪትኒዮት የሚቆጥሩ ስላሉ)፣ ፍራፍሬ፣ ለፔሳህ የተፈቀደ ቸኮሌት። በተረፈ ሱቅ ውስጥ በዚህ ሳምንት የሚሸጡት የድንች ስታርች ብስኩቶች ዋጋቸው ከጣዕማቸው ይበልጣል።

ቅዝቃዜውን መጠበቅ

ፔሳህ የሚውለው በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ነው። በእስራኤል በዚህ ወቅት ከበረሃ የሚመጣው ሙቅ ነፋስ ድንገት ሲነሳ ጠዋት ሹራብ የለበሰ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል፤ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ደግሞ ምድጃ ይሆናል። የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚሰጡት ልክ ቀላል ነው፦ ከ4 ዲግሪ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ተህዋስያን በፍጥነት ይራባሉ። የሚበላሽ ምግብ በዚህ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ማዮኔዝ ያለበት ሰላጣ፣ የተቀቀለ ድንችም ሁሉም የሚበላሹ ናቸው።

ትንሽ የውኃ ጠርሙሶችን ማታ ፍሪዘር አስገብቶ ጠዋት በምግቡ ዙሪያ መደርደር ከሚገዛው በረዶ አይተናነስም፤ ሲቀልጥም ይጠጣል። ጠርሙሱን ግን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ውኃ ሲረጋ ይሰፋል። ምግቡ ራሱ ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ ይግባ እንጂ ጠዋት ተሠርቶ እየሞቀ አይግባ። ዓሣና ዶሮ ከታች በረዶው አጠገብ፣ ሰላጣ ከላዩ፣ ማጻ ከሁሉ ርቆ። ቲማቲምና ኪያር ያለበት ሰላጣ ጨውና ሎሚው ለብቻ ይያዝና ሊበላ ሲል ይጨመር፤ አለበለዚያ ውኃ ይተፋል። ማታ ተርፎ የተመለሰ ሰላጣ ይደፋል፤ የተመለሰ ማጻ ግን ምንም አይሆንም።

በሰው መካከል ሲበላ

በዓሉን የማያከብር ሰው በእስራኤል ምን ይገጥመዋል? እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ሃሜጽን በአደባባይ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል እንጂ ሰው የራሱን ሳንዱች እንዳይበላ አይከለክልም። ሆስፒታል ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሕግ የሆስፒታል ኃላፊዎች በፔሳህ ሃሜጽ ወደ ግቢያቸው እንዳይገባ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በሆስፒታል የምትሠሩ ወይም በሽተኛ የምትጠይቁ ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ሆስፒታል ማስታወቂያ እዩ። በአይሁድ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ሕግ ባይኖርም ዳቦና እንጀራ ይዛችሁ አትግቡ፤ ቤተሰቡ ያን ቤት ለማጽዳት ሳምንት ፈጅቷል፣ በእናንተ ቦርሳ የገባ አንድ ቁራሽ ድካሙን ያበላሸዋል።

ብዙ ዓመት ፔሳህ የሚውለው በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ሁዳዴ ወይም ሕማማት አካባቢ ነው። በአንድ ቢሮ አንዱ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ትቶ ዳቦ ይበላል፤ ሌላው ዳቦ ትቶ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ይበላል። አብረው ሊበሉት የሚችሉት ነገር የሌለ ይመስላል፤ ግን አለ፤ ያው ቀይ ስር በድንቹ ነው። ችግሩ ምግቡ ሳይሆን የተቀቀለበት ድስት ነው። በተራ ድስት የተሠራውን የፔሳህ አክባሪ አይቀምሰውም፣ ስለዚህ ሰላጣው ከእሱ ቤት ይምጣ፣ ጿሚው ደግሞ ፍራፍሬውን ያምጣ። ያልተላጠ ብርቱካንና ሙዝ ድስት አይጠይቅም።